የሀዋሳ ባቡር ሳይመጣ መንገዱ እየተዘጋበት ነው

ሀዋሳ ላይ የባቡር ነገር ሲነሳ ሰው ፈገግ ይላል። ምክንያት አለው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔና በሀዋሳ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶና ሞያሌ የሚወርድ የባቡር መስመር ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ያ ዕቅድ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ሐዲዱ ግን ሀዋሳን አላያትም። እና ዛሬ ተነስቶ «ለከተማዋ የውስጥ ባቡር ያስፈልጋታል» የሚል ሰው «መጀመሪያ ባጃጁ ጉድጓድ ሳይገባ ያድርሰን» የሚል መልስ ቢያገኝ አይፈረድም።

ነገር ግን የባቡር መስመር የሚመረጠው ባቡሩ በሚገዛበት ቀን አይደለም። የሚመረጠው መሬት በሚታደልበት፣ መንገድ በሚሰፋበትና የሕንፃ ፈቃድ በሚሰጥበት ቀን ነው። ሀዋሳ ደግሞ አሁን በኮሪደር ልማት አጥር እያፈረሰች፣ አስፋልት እየቆፈረች፣ የእግረኛ መንገድ እያነጠፈች ነው። ዛሬ የሚተከለው የመብራት ምሰሶ፣ የሚቆመው የአበባ መደብና ለመንገድ ዳር ሕንፃ የሚሰጠው ፈቃድ ከ20 ዓመት በኋላ ባቡር የት እንደሚያልፍ፣ ወይም ጭራሽ እንደማያልፍ እየወሰኑ ናቸው። ወሳኙ ሰው ደግሞ ስለ ባቡር አንድም ቀን ላያስብ ይችላል።

መስመር ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት የፈለገ ድሬዳዋን ይመልከት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረርን ብሎ ነበር የተነሳው። ተራራውን መውጣት ውድ ሆነና መስመሩ ከግርጌው ቀረ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ ሲደርስ ያ ሜዳ ከተማ መሆን ጀመረ፤ ለዘመናት የንግድ እምብርት የነበረችው ሐረር ደግሞ ሸቀጧን ወደ ታች ማውረድ ግድ ሆነባት። ጦርነት አላመጣውም፣ የዳገት ዋጋ ነው ያመጣው። ሀዋሳ ዳገት የለባትም። ሜዳ ላይ በፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ሰበብ የሚሆናት ተራራ የለም።

እንግዲህ የሀዋሳን ካርታ ዘርግቶ እርሳስ የሚያነሳ ሰው ሦስት መንገድ ያገኛል።

አንደኛው የሐይቅ ዳሩ ነው። አሞራ ገደልን፣ ፍቅር ሐይቅንና ሪዞርቶቹን እያያያዘ የሚሄድ፣ ለፖስተር የሚያምር መስመር። ባለሥልጣንና ኢንቨስተር የሚወደው ይህን ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ ከኋላ ውሃው ይታያል። ባቡር ግን ተሳፋሪውን የሚሰበስበው ከግራም ከቀኝም ነው። ሐይቅ ዳር የሚሄድ ባቡር በአንድ ጎኑ ያለው ቆሮሶና አምባዛ ነው፣ እነሱ ደግሞ ቲኬት አይቆርጡም። ግማሹን ገበያ ገና ሳይነሳ ለውሃ ሰጥቶ የሚጀምር መስመር ኪሳራውን በንድፉ ላይ ጽፎ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ ይዞለት የሚመጣውን እያጠራቀመ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዳርቻው ሐዲድ አስተኝቶ ዘወር የሚባልበት መሬት አይደለም። በፊቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ሰው ጢም ይላል፣ በገብርኤል ንግሥም ከተማዋ ትጥለቀለቃለች፣ እውነት ነው። በዓመት ለጥቂት ቀን ለሚሞላ ሕዝብ ግን አውቶቡስ ይመደባል እንጂ ባቡር አይዘረጋም።

ሁለተኛው የዳርቻው መስመር ነው፤ መሀል ከተማውን ትቶ ገና እርሻ በሆነው መሬት ዞሮ የሚሄደው። ይህኛው በሂሳብ ሠንጠረዥ ላይ ሁሌም ያሸንፋል። የሚፈርስ ሱቅ የለም፣ ካሳው ትንሽ ነው፣ የሚጮህ ነጋዴ የለም። ግን ርካሽ የሆነው ለሠሪው ነው። የቀረውን ዋጋ ተሳፋሪው በየቀኑ ይከፍለዋል። በአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ላይ ይህ ታይቷል። የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ለገሃር፣ የከተማው ልብ ላይ ነበር። በ2010 ዓ.ም ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ግን መነሻው ፉሪ ለቡ ነው። የድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። መንገደኛው ባቡር ለመሳፈር መጀመሪያ ታክሲ ይይዛል፣ ወርዶም ታክሲ ይይዛል። ለረጅም ጉዞ ይህን መታገሥ ይቻል ይሆናል፤ ለአራት ኪሎ ሜትር የከተማ ጉዞ ግን ማንም አይሞክረውም። የዳርቻው መስመር ሌላም ጠንቅ አለው። አርሶ አደሩ ካሳውን ተቀብሎ ይነሳል፣ ሐዲዱ የት እንደሚያልፍ ቀድሞ የሰማ ሰው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ቦታ ይዞ ይጠብቃል። በኢትዮጵያ ከተሞች መሬት እንዴት እንደሚያድር ለሚያውቅ ማብራሪያ አያሻውም።

ሦስተኛው ከሻሸመኔ መጥቶ ጥቁር ውሃን ተሻግሮ፣ ከተማዋን አቋርጦ በቱላ በኩል ወደ ዲላ የሚወጣውን ዋና መንገድ የሚከተለው ነው። አያምርም፣ ውድ ነው፣ ያጨቃጭቃል። ትክክለኛው ግን እሱ ነው። ምክንያቱም ሰዉ ያለው እዚያ ነው። ባጃጅና ታክሲ ጠዋትና ማታ የሚሻማበትን መንገድ ቆሞ ማየት ከማንኛውም ጥናት በፊት መልሱን ይሰጣል። ወደ መናኸሪያ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ሪፈራል የሚሄደው ሕዝብ ከዚህ መንገድ ወይም ከዚህ ጋር ከሚገናኙት ነው የሚነሳው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ማዕከል በ2011 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት ደግሞ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነና ከዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ አጎዋ ተቋርጧል፣ ትልልቅ ገዢዎች ለቀው ወጥተዋል። በዚህ ደመወዝ የምትኖር ልጅ ቤት የምትከራየው በምትወደው ሰፈር ሳይሆን የትራንስፖርት ወጪው በሚፈቅድላት ርቀት ላይ ነው። ስለዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደራርባ ትኖራለች። ቱላ ርካሽ ቤት ቢኖር እንኳ ጥቅም የለውም፤ መድረሻው ይበላዋል። ለሐይቅ ዳሩ ባቡር ሲባል የሚዘለለው ተሳፋሪ ይህች ናት።

መስመሩ ይሄ ይሁን ሲባል ግን አዲስ አበባ እንደተሠራው ይሠራ ማለት አይደለም። መስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣቢያው 39፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ አብዛኛውም ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር። በመስመር ምርጫ ያን ያህል አይታማም፦ አያትን፣ መገናኛን፣ ሜክሲኮን፣ ጦር ኃይሎችን በአንድ በኩል፣ አውቶቡስ ተራን፣ ሳሪስን፣ ቃሊቲን በሌላ በኩል ነክቷል። የሚታማው በአዘረጋጉ ነው። ብዙ ቦታ ሰፊውን መንገድ መሀል ለመሀል በአጥር ከፍሎ ሰፈርን ከሰፈር ለያየ። ፊት ለፊት የሚታይ ሱቅ ለመድረስ ማቋረጫ ፍለጋ ርቆ መሄድ መጣ፤ ያልታገሠ ደግሞ አጥር ዘለለ። ከአንበሳ አውቶቡስ ጋር በአንድ ቲኬት የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሲጀመር ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ድሃው ወደደው፣ ተጋፍቶ ተሳፈረበት። ገቢው በብር፣ መለዋወጫው በዶላር ሆነና ከ41ዱ ባቡሮች የሚንቀሳቀሱት ከግማሽ በታች እስኪሆኑ ተደረሰ። ሐዲዱ አለ፣ ሕዝቡ ጣቢያ ላይ ቆሟል፣ ባቡሩ ጋራዥ ነው።

«ታዲያ ይህን እያያችሁ ለሀዋሳ ባቡር ትመኛላችሁ?» የሚሉ አሉ፣ ጥያቄያቸውም ቀልድ አይደለም። በአዲስ አበባው ወጪ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። የሀዋሳ መስመር 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን በዚያ ዘመን ዋጋ 210 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዛሬ ይህን ተበድሮ ባቡር የሚገዛ ከንቲባ ቢገኝ መቃወም ይገባል። ባቡሩ ይቆይ። ቦታው ግን አይቆይም። ለባቡር የሚተው መሬት ለአውቶቡስም ይሆናል። ሌላ መኪና የማይገባበት፣ በመንገዱ መሀል የተለየ መስመር ላይ የሚሮጥ አውቶቡስ ለዛሬው የሀዋሳ ሕዝብ ይበቃል፤ ከተማዋ ስታድግ በዚያው ቦታ ሐዲድ ይተኛል። በተቃራኒው መሄድ ግን አይቻልም። አንዴ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ መንገድ ዳር ከተሰለፈ በኋላ ለሐዲድ ቦታ ለማግኘት ወይ ማፍረስ ነው፣ ወይ በድልድይ ላይ መሰቀል ነው፣ ወይ ወደዚያ ባዶ ዳርቻ መሸሽ ነው።

የባጃጅ ሹፌሮች ቅሬታ ይመጣል፣ መምጣትም አለበት። ሀዋሳ ውስጥ ባጃጅ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። እነሱን በአንድ ደብዳቤ ከዋናው መንገድ አባሮ አውቶቡስ ማስገባት ጠብ መግዛት ነው። ከየሰፈሩ ወደ ዋናው መስመር ማድረስ የእነሱ ሥራ መሆኑ ከመጀመሪያው ካልተጻፈላቸው፣ መነሻና ማዞሪያቸው በንድፉ ላይ ካልተሳለ፣ መስመሩ በወረቀት ትክክል ሆኖ መንገድ ላይ ይከሽፋል።

ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ለማስተኛት ከ7 እስከ 8 ሜትር ይበቃል፤ ጣቢያ ያለበት ቦታ ብቻ ሰፋ ይላል። ይህን በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ አስምሮ ሕንፃ፣ ፏፏቴ፣ የመኪና ማቆሚያም እንዳይገባበት መከልከል ብድር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሊዝ ፈላጊውን «አይሆንም» ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ከብድሩ ሊከብድ ይችላል። የከተማዋ ምክር ቤት አባላት የሚቀጥለው የኮሪደር ንድፍ ሲቀርብላቸው የመብራቱን ቀለም ትተው አንድ ቁጥር ይጠይቁ፦ ከጥቁር ውሃ እስከ ቱላ በመንገዱ መሀል ለሕዝብ ትራንስፖርት የቀረው ስንት ሜትር ነው? ከ8 ሜትር በታች ከሆነ ንድፉ ወደ መጣበት ይመለስ።