ክሊራንሱ ላይ አንድ ፊርማ ጎድሏል

ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር
ግልባጭ፦ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶችና ለተማሪዎች አገልግሎት ዲኖች

ክቡር ሚኒስትር፣

ትምህርቱን አቋርጦ ከግቢ የሚወጣ ተማሪ ክሊራንስ የሚባል አንድ ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱ የወሰደው መጽሐፍ እንደሌለ አይቶ ይፈርምለታል። ፕሮክተሩ ፍራሹንና የሎከሩን ቁልፍ ይረከበዋል። ካፌው የምግብ ካርዱን ይቀበላል፤ ዲፓርትመንቱም፣ ላብራቶሪውም፣ ስፖርት ክፍሉም በየተራ ይፈርማሉ። መጨረሻ ላይ ሬጅስትራር መታወቂያውን ወስዶ ማኅተሙን ያሳርፋል። የመንግሥት ንብረት ሳይጎድል ተመልሷል። ልጁን ግን ለምን እንደሚሄድ የጠየቀው የለም፤ ክሊራንሱ ላይ እንዲጠይቀው የታዘዘ ሰው የለማ።

እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህርና የተማሪዎች የትምህርት አማካሪ (አድቫይዘር) ነኝ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ስለሆንኩ ወረቀቱ እጄ ላይ ሲደርስ፣ ባልታዘዝም፣ ባለቤቱን አስቀምጬ አነጋግራለሁ። አባቱ ታሞ እርሻው ሰው ያጣበት አለ። ከቤት የሚላክላት ገንዘብ ተቋርጦ ለሳሙናና ለሞዴስ የተቸገረች፣ ይህንንም ለወንድ መምህር መናገር አፍራ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ አለች። እንቅልፍ ካጣ ወራት ያለፈው፣ ዶርም ውስጥ “እሱ ልጅ ተቀይሯል” ብቻ ተብሎ የታለፈ አለ። በብዛት የማገኘው ግን ከትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ይዞ የመጣውን ልጅ ነው። በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ሌክቸር መከታተል ያቅተዋል፤ አጠገቡ ያሉት የገባቸው ይመስለዋል፤ መጠየቅ ያፍራል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ “እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም” ብሎ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ከወር በፊት አንድ ሰው አግኝቶት ቢሆን ቲቶሪያል ያስፈልገው ነበር እንጂ ክሊራንስ አይደለም። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ሌሎቹ ፈርመው ጨርሰዋል፤ የአውቶቡስ ትኬቱም ተቆርጧል።

መሥሪያ ቤትዎ መግቢያውንም መውጫውንም አጥብቋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጥቷል፤ በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና ተጀምሯል። ኩረጃ አንድን ትውልድ እንዴት እንደሚያበላሽ በክፍል ውስጥ ስላየሁ ሁለቱንም ደግፌአለሁ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ሆኖም በ2015 መጀመሪያ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፎ የገባን ልጅ፣ ወይም በሪሚዲያል ታግሎ የተረፈን፣ በአንድ ክፉ ሴሚስተር ምክንያት ያለ አንዳች ጥያቄ መሸኘት አገሪቱ የምትችለው ኪሳራ አይደለም። የተማረበት ጊዜ ወጪ የመንግሥት ነው፤ የፈረመው የወጪ መጋራት ውል ደግሞ የእሱ ዕዳ ነው። ልጁ ያለ ዲግሪ ሲሄድ ሁለቱም ወገኖች ይከስራሉ።

የምክር አገልግሎት አለን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በስም አለ። ባየኋቸው ግቢዎች ክፍሉ የሚገኘው ከተማሪዎች ዲን ቢሮ ጎን ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚጠራቸው ልጆች የሚሰለፉትም በዚያው ኮሪደር ነው። እዚያ በር ላይ የታየ ተማሪ “ምን አጥፍቶ ነው?” ይባላል። ታዲያ በየትኛው ልቡ ይገባል? አማካሪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ የማስተማር ሰዓት ያለው የሳይኮሎጂ መምህር ነው፤ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ብቻ በሩን ይከፍታል። አዲስ ገቢ ተማሪዎቻችን ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት የሳይኮሎጂና የሕይወት ክህሎት ኮርስ ይወስዳሉ። ስለ ጭንቀት ተምረው፣ ተፈትነው፣ ውጤት ይሰጣቸዋል። በተጨነቁ ጊዜ የሚያንኳኩት በር ግን አላዘጋጀንላቸውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በክሊራንሱ ላይ ከሁሉም ፊርማዎች በፊት የምክር አገልግሎት አማካሪ ፊርማ ይግባ። ፈቃድ ሰጪና ከልካይ እንዲሆን አይደለም፤ ተማሪው መናገር ካልፈለገ ዝም ብሎ አስፈርሞ የመሄድ መብት ይኑረው። የተናገረው ነገርም ከዚያ ክፍል አይውጣ፤ ለዲፓርትመንትም ለቤተሰብም። ነገር ግን አማካሪው ጋ በሚቀመጥባት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከካፌ ወደ ነን ካፌ (የምግቡን ገንዘብ በእጅ ወደ መቀበል) መዛወር፣ ክሊኒኩ ሪፈር እንዲጽፍለት ማድረግ፣ ወይም ለአንድ ዓመት ዊዝድሮዋል ሞልቶ ማረፍ የሚያድነው ልጅ ይገኛል።

በውጤቱ ምክንያት ዲስሚስ የሆነም ተማሪ እንዲሁ። ውጤቱን ማታ ዶርም ውስጥ በስልኩ ብቻውን አይቶ፣ ጠዋት ፍራሹን አስረክቦ የሚወጣበት አሠራር ይቁም። አደገኛ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ፊት ለፊት ያነጋግረው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ብዙ ልጅ ግን ከመመለስ ያስቀራል። የሴኔት ደንባችን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ሰነድ ነው። የዊዝድሮዋል ፎርም ሳይሞላ ወደ ቤቱ የሄደ ተማሪ የመመለስ ዕድሉን እንደሚያበላሽ የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። ወንድሙ የሞተበት ልጅ ለቅሶ ሲሄድ የሴኔት ደንብ አያነብም። የሪአድሚሽን ማስታወቂያም የሚለጠፈው ግቢ ውስጥና በቴሌግራም ነው፤ ተመላሹ ያለው ግን ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ሊሆን ይችላል። ለሚወጣ ተማሪ ሁሉ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ይሰጠው፤ መቼ ማመልከት እንደሚችል፣ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት፣ ለማን እንደሚደውል የሚናገር። የሚያነሳው ሰው ያለበት ስልክ ቁጥርም ይኑረው።

በጀት የለም የሚል መልስ እንዳይመጣ እሰጋለሁ። በ22 ብር ቀኑን እንዲበላ ይጠበቅ የነበረ ተማሪ የምግብ በጀቱ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ሲል፣ አይቻልም የተባለ ነገር ሲቻል አይተናል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚያስፈልገው ከዲሲፕሊን ኮሪደር የራቀ አንድ ክፍል ማዘጋጀትና የሙሉ ጊዜ አማካሪ መቅጠር ነው። ይህ ቀጣዩን በጀት ዓመት ይጠብቅ ቢባል እንኳ፣ በክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር መጨመርና አንዱን ገጽ አሳትሞ ማደል በእርስዎ ሰርኩላር ያልቃል።

ሰርኩላሩ የዚህ ሴሚስተር ውጤት ከመለጠፉ በፊት እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው ልጆቹ የሚወጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር