ጥያቄውና መንገዱ ይስማሙ

ስለ እርሻ የሚጻፍ ወሬ ሁሉ እውቀት አይደለም። ወሬ እውቀት የሚሆነው በምን መንገድ እንደ ተገኘ ሲገለጥና ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ሄዶ ሊመረምረው ሲችል ነው። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ኢሉባቦር ይበቃል።

በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ይህ በሽታ ከሻጋታ የሚመጣ ሆኖ፥ ዝናብና ቅዝቃዜ ሲበረታ ለጋውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፈዋል። የጅማ ተመራማሪዎችም በየጫካው እየዞሩ፥ ጎረቤቱ ሲታመም ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ መረጡ። ከመቱ አገር፥ ከቢሻሪ የተገኙት 74110 እና 74112 የሚባሉት ቡናዎች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። በስማቸው ፊት ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1974ን፥ ያመለክታል።

ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ዐይን ባየው ብቻ አልፈረዱም። ዛፉ የዳነው በሽታውን ስለሚችል ነውን? ወይስ በሽታው ስላልደረሰበት? ይህን ለመለየት የበሽታውን ዘር ሆን ብለው በፍሬውና በችግኙ ላይ አኖሩ፤ ከእናቲቱ ዛፍ ዘር የበቀሉትንም ተክለው ተመለከቱ። ፈተናውን ያለፈው ለገበሬ ተሰጠ። 74110 ዛሬ ከኢሉባቦር አልፎ በሲዳማና በጉጂ ይተከላል።

እንግዲህ ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም፥ ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ቡና ብቻ አይቶ «የወረዳው ቡና ታሟል» ብሎ ቢጽፍ፥ ያወቀው የመንገዱን ዳር እንጂ ወረዳውን አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፥ በዚህ ወሬ የታዘዘው መድኃኒትና ገንዘብ ከማይገባው ቦታ ይወድቃል፤ በእውነት የተጎዳው ገበሬ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለዚህ አስቀድሞ ጥያቄውን መለየት ይገባል። ጥያቄው «ስንት ነው?» የሆነ እንደ ሆነ፥ የባለይዞታዎች ስም ሁሉ ተጽፎ ዕጣ ይጣል፤ ዕጣ የወጣለትም፥ ጭቃና ወንዝ ቢከለክል እንኳ፥ ይጎብኝ። «ስለ ምን ሆነ?» የሆነ እንደ ሆነ፥ ከሽማግሌዎችና ከሴቶች ጋር ተቀምጦ በትዕግሥት መጠየቅ ነው። «ምን ይጠቅመዋል?» የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፥ አፈራቸውና ጥላቸው ከሚመሳሰሉ ማሳዎች በዕጣ አንዳንዱን አክሞ፥ ሌላውን ትቶ፥ ውጤቱን ማነጻጸር ነው።

ከሁሉም በላይ፥ የወሬው መንገድ ከወሬው ጋር ይጻፍ፤ ማን እንደ ቈጠረ፥ መቼና የት እንደ ቈጠረ፥ ያልታየውም የትኛው እንደ ሆነ አይደበቅ። ያላየውን አላየሁም ብሎ የሚጽፍ ሹም ክብሩ አይጎድልበትም፤ ቃሉ ይታመንለታል እንጂ።