ለአስተማሪነት ሥራ የሚቀርብ ሰው ምን ይልበስ?

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፥ ትምህርት ቤቶች ከመከፈታቸው በፊት፥ ብዙ ወጣቶች የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ለአስተማሪነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ። በዚያን ጊዜ በየቤቱ ስለ ልብስ ክርክር ይነሣል። አንደኛው ወገን፥ «ዋናው ዕውቀት ነው፤ ልብስ ምን ያደርጋል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ሰው የሚከበረው በልብሱ ነውና ተበድረህም ቢሆን አጊጥ» ብሎ ይመክራል። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ፤ ምክንያቴንም አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

ልብስን የሚንቁ ሰዎች ሶቅራጥስን ምስክር አድርገው መጥራት ይወዳሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት በአቴና የሞተው ይህ ፈላስፋ በባዶ እግሩ ይሄድ እንደ ነበረ፥ በጋና ክረምትም አንድ ልብስ ይለብስ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ደቀ መዝሙሩ ፕላቶን ስለ ግብዣ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ይዘነጋሉ። እዚያ ሶቅራጥስ አጋቶን ወደሚባል ሰው ቤት ለራት ሲሄድ ገላውን ታጥቦ፥ ጫማ አድርጎ ይታያል። አጋቶን መልከ መልካም ነበረና፥ ወደ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲኬድ አምሮ መሄድ እንደሚገባ ለጠየቀው ወዳጁ አስረዳ። እንግዲህ ሶቅራጥስ እንኳ ለጠራው ሰው ሲል ከልማዱ ወጣ።

የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ ተምሯል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ደበሎው ግን የተማሪ ልብስ ነው። የኔታ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ኩታቸውን አጣፍተው ይቀመጣሉ። ድህነት አያሳፍርም፤ ቸልተኝነት ግን ያሳፍራል። የተበጠሰ ቁልፍ ለመትከል አንድ መርፌና ጥቂት ክር ይበቃል። ይህን ያልሠራ ሰው ልጆች ደብተራቸውን በንጽሕና እንዲይዙ በምን አፉ ያዛል?

ሁለተኛው ወገን የሚያስከትለው ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው። ገና ያላገኘውን ደመወዝ በብድር ከፍሎ ሙሉ ልብስ የሚገዛ ወጣት ሥራውን የሚጀምረው ባለዕዳ ሆኖ ነው። ከጓደኛው ኮት የተዋሰም ቢሆን እጅጌው አጥሮበት ሲጎትት፥ ትከሻው ሰፍቶበት ሲያስተካክል፥ የተጠየቀው ጥያቄ ያመልጠዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ መባሉ ስለዚህ ነው።

ታዲያ መለኪያው ምንድር ነው? መለኪያው ሥራው ነው። አስተማሪ በሰሌዳ ላይ ለመጻፍ እጁን ያነሣል፤ የሕፃኑን ደብተር ለማየት ያጐነብሳል፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ይቆማል። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዋዜማው ማታ ልብስህን ለብሰህ እጅህን አንሣ፤ አጐንብስ፤ ተቀመጥ፤ ተራመድ። ሸሚዙ ከሱሪው ከወጣ፥ ቀሚሱ ከጉልበት በላይ ከተሰበሰበ፥ ኮቱ ብብት ላይ ከያዘ፥ ያ ልብስ ዋጋው ምንም ቢወደድ የአስተማሪ ልብስ አይደለም። በጥቁር ልብስ ላይ የጠመኔ ብናኝ ይታያል፤ በነጭ ሱሪ ላይ የነሐሴ ጭቃ ይመሰክራል። ረጅም ታኮ ያለው ጫማ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እግርን ይቀጣል። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ የሸማኔ ቀሚስ፥ ጥለቱ ቀጠን ያለ እንደ ሆነ፥ ያስከብራል ያስውባልም፤ ነጠላው ግን በጻፉ ቁጥር ከትከሻ ይወርዳልና ለዚያች ሰዓት አጣፍቶ ማኖር ይሻላል። ሰልባጅ ተራ የተገኘ ኮትም ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደው በልክ ካስጠበቡት፥ በልክ ካልሆነ አዲስ ኮት ይበልጣል።

ስለ ጨዋነት ሲነገር ምክሩ ሁሉ በሴቶች ልጆች ላይ ብቻ መዝነቡ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደረቱን ከፍቶ፥ ሱሪውን ከወገቡ በታች አውርዶ፥ ሽቶ አርከፍክፎ የሚቀርብ ወንድ እንደምን ጨዋ ይባላል? ጨዋ ልብስ ማለት ተመልካቹ ልብሱን ረስቶ የሚናገረውን እንዲያዳምጥ የሚያደርግ ልብስ ነው። ይህ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ማማርም አልተከለከለም፤ ቀለሙ የተስማማ ሹራብ፥ በጥንቃቄ የታሰረ ከረባት፥ የተወለወለ ጫማ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ልጆችም ውበትን ከአስተማሪያቸው ይማራሉ።

እናንተ ፈታኞች ሆይ፥ ለእናንተም ቃል አለኝ። ያረጀ ነገር ግን የታጠበና የተተኮሰ ልብስ ለብሳ የቀረበችን ወጣት በኮቷ እርጅና ብትመልሷት የምትበድሉት እርሷን ብቻ አይደለም። በክፍላችሁ ውስጥ ክርኑ የተጣፈ የደንብ ልብስ ለብሶ የሚቀመጥ ልጅ አለ። አስተማሪዋን በእርጅና ልብስ የናቀ ትምህርት ቤት ያንን ልጅ በምን ዓይን ያየዋል?

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» ብለዋል። ወጣት ሆይ፥ በዚያች ቀን ሁለቱም በእጅህ ናቸው። ልብስህን ማታውኑ አዘጋጅና ሌሊቱን ስለምታስተምረው ትምህርት አስብበት።