የፖሊስ ቴክኖሎጂ ግዥ፦ ውሉ የማን ነው?

ሕግ አስከባሪ አካል በእጁ የሚይዘው መሣሪያ ከሕጉ ከራሱ ያላነሰ ኅብረተሰባዊ ይዘት ያለው መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ዱላ የያዘ ፖሊስና ፊት የሚለይ ካሜራ የያዘ ፖሊስ በአንድ አዋጅ ቢተዳደሩም፣ ከሕዝቡ ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን አንድ አይደለም። ሁለተኛው ብቻውን አይቆምም። ከበስተኋላው መሣሪያውን የሠራ ኩባንያ፣ ገንዘቡን የከፈለ መሥሪያ ቤትና በሁለቱ መካከል የተፈረመ ውል አለ። ስለ ካሜራው ብዙ ተብሏል። ስለ ውሉ የተባለው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ተነሥቶ በአትላስ በኩል ወደ ሃያ ሁለት የሚያቀና መንገደኛ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ከሆቴሉ በር፣ ከባንኩ ግድግዳ፣ ከሕንፃው መግቢያና ከካፌው ገንዘብ ተቀባይ ራስጌ ቁልቁል የሚያዩትን ካሜራዎች ቆጥሮ አይጨርሳቸውም። እነዚህ በአብዛኛው የግል ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ፣ ቦሌን ከመገናኛ የሚያገናኘውን ጎዳና ጨምሮ፣ በዋና ዋና መንገዶች ላይ የደኅንነት ካሜራ ተከላን የሥራው አንድ ክፍል አድርጎታል። ይህን በደፈናው የምንነቅፍ አይደለንም። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ሥራዋን ጨርሳ ታክሲ በምትጠብቅበት ስልኳን በሞተር ብስክሌት ለተነጠቀች አስተናጋጅ፣ ስለ ግል ሕይወት ነጻነት ንግግር መደርደር ማላገጥ ነው። ካሜራው እንዲኖር ትፈልጋለች፤ መፈለጓም ተገቢ ነው። መርማሪውም ቢሆን በሰው ምስክር ብቻ ተንጠልጥሎ ከሚቀር ግልጽ ምስል ቢያገኝ፣ ጥፋተኛውን ለመያዝም ሆነ ንጹሑን ለመልቀቅ ይረዳዋል።

ቅራኔው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በገበያ ላይ ካሜራ ርካሽ ዕቃ ነው። ውዱ ነገር ምስሉ የሚጠራቀምበት ሰርቨር፣ ምስሉን የሚተነትነው ሶፍትዌር፣ በየዓመቱ የሚታደሰው ፈቃድ፣ ሥልጠናውና ጥገናው ነው። ኩባንያው የሚያተርፈው ከእነዚህ ነው፤ ገዢውም የሚታሠረው በእነዚሁ ነው። ዛሬ በቅናሽ የተገዛ ሥርዓት፣ ነገ መለዋወጫውም እድሳቱም ከአንድ ሻጭ በስተቀር ከሌላ የማይገኝ ከሆነ፣ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የመሣሪያው ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ሆኖ ይቀራል። የካፒታል ሞኖፖል ዛሬ በጦር መርከብ አይመጣም፤ በፈቃድ እድሳት ደረሰኝ ይመጣል።

ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ስጋት እንዳልሆነ የቅርብ ጊዜ ታሪካችን ይመሰክራል። የሚላኖው ኩባንያ ሃኪንግ ቲም ኮምፒዩተርና ስልክ ሰርስሮ የሚገባ የስለላ ሶፍትዌር ለመንግሥታት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ይህ ሶፍትዌር በውጭ በሚኖሩ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን በማስረጃ አስደግፎ ይፋ አደረገ። ኩባንያው ደንበኞቹን በስም እንደማይገልጽ ተናገረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ግን የራሱ የኩባንያው ሰርቨር ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ያህል ሰነድ አደባባይ ወጣ። በሰነዶቹ ውስጥ የያኔው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተፈጸመው ክፍያም አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ ያገኘነው የኩባንያው ሠራተኞች እርስ በርስ የተጻጻፉት ደብዳቤ ነው። ምሬታቸው ስለ ተሰለለው ጋዜጠኛ አልነበረም። ደንበኛው መሣሪያውን በዝርክርክነት ስለ ተጠቀመበት ምስጢሩ ወጣ፣ ስማችንም ጎደፈ የሚል ነበር። ሻጭ ከገዢ ጋር የገባው ውል ስለ ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም ስለ ተሰላዩ ሰው፣ አንዳች ቃል ካልያዘ፣ ከሻጩ ከዚህ የተሻለ ኅሊና መጠበቅ የዋህነት ነው።

ሃኪንግ ቲም ብቸኛው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ፊንፊሸር የተባለው ሶፍትዌር፣ በ2017 መጨረሻ ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት፣ በኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ ማነጣጠራቸውን ያው ተቋም አጋልጧል። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ቤተሰቡ በሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ላይ ፊንፊሸር ተተክሎብኛል ብሎ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። ተበዳዩ በሰው አገር ዳኛ አጣ፤ በአገሩም የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። ገንዘቡ ግን የሕዝብ ገንዘብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እንዲህ ያለ ግዥ እንዴት ያለ ተመልካች ይፈጸማል? መልሱ «ብሔራዊ ደኅንነት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ይገኛል። ለረጅም ዘመን የሠራው የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለብሔራዊ ደኅንነትና ለመከላከያ ሲባል ከመደበኛው ሥርዓት የተለየ አካሄድ ለመከተል በር ይከፍት ነበር። በሩ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የትኛውም አገር አለው። ችግሩ በዚያ በር ምስጢርና ሌብነት ተቃቅፈው የሚገቡ መሆናቸው ነው። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ጉዳይ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ኮርፖሬሽኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለሕዝብ አስታወቁ። ኮርፖሬሽኑ የተመሠረተው አገርን ከጥገኝነት ለማላቀቅ በሚል መፈክር እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። መፈክር ጨረታን አይተካም።

ስለ ጥገኝነት ከተነሣ፣ በዚሁ በከተማችን የደረሰ ሌላ ነገር አለ። በቻይና ስጦታ የተገነባው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ተመረቀ። ከስድስት ዓመት በኋላ ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ የሕንፃው ሰርቨሮች በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይልኩ ነበር ሲል ጻፈ፤ ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ሮይተርስ፣ ከቻይና ጋር ግንኙነት አላቸው የተባሉ ሰርጎ ገቦች የሕንፃውን የደኅንነት ካሜራዎች ምስል ሲቀዱ መገኘታቸውን ዘገበ። ክሱን የሚቀበልም የማይቀበልም ይኑር፤ ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ጥበቃ እንዲሆን የተሰቀለ ካሜራ ለሌላ ሰው መስኮት ሊሆን መቻሉ ነው። የአትላስ ምሰሶ ከአፍሪካ ኅብረት ግቢ የተሻለ አጥር የለውም።

«እንግዲያውስ በአገር ልጅ እናሠራ» የሚል ወገን አለ። ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ትክክል ነው። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት መቋቋሙ፣ ወጣት መሐንዲሶቻችን ለፖሊስ ሥራ የሚውል ሶፍትዌር በራሳቸው እጅ መጻፍ መጀመራቸው የሚያኮራ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የተወለደችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከባልደረባዋ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ የታላላቅ ኩባንያዎች ሶፍትዌሮች በነጭ ወንዶች ላይ ከመቶ አንድ እንኳ ሳይስቱ፣ በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 ከመቶ እንደሚስቱ አሳይታለች። እነዚያን ሶፍትዌሮች በካታሎግ አይቶ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ያችኑ የአትላስ አስተናጋጅ ከሌላ ሴት ጋር የሚያምታታ ዳኛ ገዛ ማለት ነው። በእኛው ፊት የተፈተነ ምርት እንፈልጋለን ስንል ከዚህ ተነሥተን ነው። ይሁን እንጂ የአገር ልጅ የሠራውም ቢሆን ማን፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ ምስሉን እንዳየ ካልመዘገበ፣ ለሕዝቡ ከሚላኖው ሶፍትዌር የሚለየው በቋንቋው ብቻ ይሆናል። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ አንድም ካሜራ አልነበረም፤ የስም ዝርዝሩም በአገር ልጅ እጅ የተጻፈ ነበር።

ለትምህርት በውጭ በቆየንባቸው ዓመታት፣ አንድ የከተማ ምክር ቤት ፖሊስ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ነዋሪውን ጠርቶ ሲከራከር አይተን በትዕግሥታቸው ተገርመናል፤ አንዳንዴም ሰልችቶናል። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማው ምክር ቤት ሳይፈቅድ ፖሊስ የክትትል ቴክኖሎጂ እንዳይገዛ ደንግጋ ነበር፤ በ2024 ግን ድንጋጌዋን በሕዝብ ድምፅ አላላችው። ክርክሩ እዚያም አላለቀም። ዳሩ ግን ክርክሩ የሚካሄደው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።

የእኛ ሕግ ባዶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ አንቀጽ 12 የመንግሥትን አሠራር ግልጽነት ይደነግጋሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እና አዲሱ የግዥ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 በአንድ ዓመት ወጥተዋል። እነዚህ ሁለት አዋጆች ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት አለባቸው። የግዥ ኮሚቴው ዋጋና ጥራት ሲመዝን፣ የመረጃው ማደሪያ የት እንደሆነና ምስሉ በስንት ቀን እንደሚጠፋም በዚያው ሚዛን ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። ፖሊስ የትኛውን ተጠርጣሪ እንደሚከታተል ምስጢር ነው፤ ማንም አይጠይቅም። የኩባንያው ስም፣ የተከፈለው ዋጋ፣ የጥገናው ዘመን፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ ግን የወንጀል ምርመራ ምስጢር አይደሉም። እነዚህን ለዋና ኦዲተርና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማሳየት ወንጀለኛን አይጠቅምም፤ የሚጎዳው ቢኖር ኮሚሽን ተቀባዩን ነው።

ግለ ሂስም ያሻል። እኛ የፕሬስ ሠራተኞች ጨረታው ሲወጣ ማስታወቂያውን፣ ስምምነቱ ሲፈረም የሁለቱን ወገኖች መጨባበጥ እናትማለን። ከዚያ በኋላ ወደዚያ መሥሪያ ቤት የምንመለሰው ሌላ ስምምነት ሲፈረም ነው። መሣሪያው ሠርቶ እንደሆነ፣ ስንት ጉዳይ በምስሉ ተጣርቶ ፍርድ ቤት እንደቀረበ፣ ስንት ሰው በስሕተት እንደተያዘ ጠይቀን አናውቅም።

ዕቃ ሲገዛ የርክክብ ኮሚቴ ይቋቋማል። ካሜራው ይቆጠራል፣ ምሰሶው ይለካል፣ ሰነዱ ይፈረማል። ከእንግዲህ በአትላስም ሆነ በሌላ ሰፈር እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲረከቡ፣ ከካሜራው ቆጠራ በፊት ምስሉን የተመለከተ ሰው ሁሉ ስም የሚሰፍርበትን መዝገብ ከፍተው እንዲመለከቱ እንጠይቃለን። መዝገቡ ከሌለ ርክክቡ አይፈረም፤ ቀሪው ክፍያም አይለቀቅ።