መንጠቆ የሚወርድበት ውሃ

ለሐዋሳ ነዋሪ ሐይቁ ዕረፍቱ ነው። ከሥራና ከትምህርት መልስ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ የሚንሸራሸር አለ፤ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ የሚበላ አለ፤ ሸንበቆ ላይ ክር አስሮ፣ መንጠቆው ላይ ትል ሰክቶ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ልጅም ጎልማሳም አለ። ይህ ባለ መንጠቆ በዕቅድና በሪፖርት ውስጥ እምብዛም አይነሳም። ጀልባ የለው፣ መረብ የለው፣ ስለ እሱ የሚናገርለት ማኅበር የለው። ሐይቁን ከብክለት ለመታደግ የሚደረገው ሥራ ሁሉ መመዘን ያለበት ግን በእሱ ነው ብለን እናምናለን። ከዳር ተቀምጦ የያዘውን ዓሣ ያለ ስጋት ቤቱ ወስዶ ለልጆቹ መጥበስ ከቻለ ሥራው ተሠርቷል። ካልቻለ ግን የዳርቻው መናፈሻ ምንም ቢያምር፣ የእግረኛ መንገዱ ምንም ቢነጠፍ ሐይቁ አልዳነም።

ለምን በእሱ? ባለ መንጠቆው የሚቀመጠው ዳር ላይ ነው፤ የሐይቁ ሕይወት የሚጀምረውም፣ የከተማው ቆሻሻ የሚደርሰውም እዚያው ዳር ላይ ነውና። ቆሮሶ የተባለችው ዓሣ የምትራባው ጥልቀት በሌለው፣ ቄጠማና ደንገል ባለበት ውሃ ነው። ወንዱ አሸዋውን ጎድጉዶ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበውና እስኪፈለፈል ድረስ በአፏ ይዛ ትቆያለች። ጫጩቶቹም አደጋ ሲሰማቸው ተመልሰው የሚገቡት እዚያው እናታቸው አፍ ውስጥ ነው። የመንገድ ዳር የጎርፍ መውረጃ ቦዮች አፋቸውን የሚከፍቱት በዚሁ ውሃ ላይ ነው። ከደረቅ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቦዩ ውስጥ ተኝቶ የከረመው ሁሉ፣ የመኪና እጥበት ዘይት፣ የልብስ ሳሙና፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ባንድ ጊዜ ተጠርጎ ይወርዳል። ለዓሣ ጫጩት ከዚህ የከፋ ጎረቤት የለም።

አንዳንድ ወንዝ የጣሉበትን ይዞ ይሄዳል። የአዲስ አበባ የአቃቂ ወንዞች የከተማዋን ጉድፍ ተሸክመው በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ወደ አዋሽ ያወርዱታል፤ ይህ በታች ላለው ሕዝብ በደል ነው፤ ውሃው ግን ቢያንስ ይንቀሳቀሳል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር መውጫ የለውም። የገባው ነገር ወይ ደለል ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ በሣርና በዋቅላሚ ተመጥጦ ወደ ዓሣው አካል ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ አንድ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን፣ የፋብሪካ ፍሳሽ በጅረቶች አድርጎ ወደዚሁ ወንዝ እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ቀድሞ ይህን ፍሳሽ የሚያጣራ የጨለለቃ ረግረግ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ደርቆ እርሻና ግጦሽ ሆኗል፤ ደለሉም ናይትሮጅኑም ፎስፎረሱም ያለ ከልካይ ያልፋል። እንቦጭና ዋቅላሚ የሚሰቡት በዚህ ነው። ዋቅላሚው ሲበዛ ሌሊት ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ንጋት ላይ ውሃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ አየር ሲለምን ይታያል።

“ዓሣ እኮ እየተያዘ ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው የተበከለው?” የሚል ጥያቄ ይነሳል። አምባዛ አየር ከላይ ስቦ መተንፈስ ስለሚችል ሌላው ዓሣ በሚሞትበት ውሃ ውስጥም ይቆያል፤ በመንጠቆ መያዙ የውሃውን ንጽሕና አይመሰክርም። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የታተሙ ጥናቶች ደግሞ ከዚሁ ሐይቅ በተያዙ ትላልቅ የቢልጫ ዓሣዎች ሥጋ ውስጥ ለምግብነት ከሚመከረው መጠን ያለፈ ሜርኩሪ አግኝተዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሜርኩሪ ትንሹ ዓሣ ውስጥ በጥቂቱ ይገባል፣ ትልቁ ቢልጫ ትናንሾቹን እየበላ ሲያድግ የእነሱን ሁሉ ድርሻ ያጠራቅማል። ዋቅላሚ የሚበላው ቆሮሶ ከዚህ ስጋት በእጅጉ የራቀ ነው። ስለዚህ ነገሩ ዓሣ አትብሉ ለማለት አይደለም። ለነፍሰ ጡር ሴትና ለሕፃን የትኛው ዓሣ፣ በምን መጠን እንደሚሻል ሰው የማወቅ መብት አለው፤ ያ ዕውቀት ግን ከምርምር መጽሔት ወርዶ አሞራ ገደል አልደረሰም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ዓሣው የተመናመነው በብክለት ሳይሆን በሕገወጥ መረብ ነው የሚለው ነው። እውነትነት አለው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ያልደረሰውን ቆሮሶ ሳይቀር ያፍሳል፤ ቁጥጥሩም መጥበቅ አለበት። ይሁንና መረቡ እናቲቱን ሲወስድ ፍሳሹ ደግሞ የምትራባበትን ቦታ ይወስዳል። መረብ ብቻ ተቃጥሎ ቦዩ እንደነበረ ከቀጠለ፣ ለድሃው አስጋሪ ተከለከልክ ብሎ ለበካዩ ዝም ማለት ይሆናል። ይህ ፍትሕ አይደለም። በመንጠቆ መዝናናት የጠገበ ሰው ጉዳይ ነው የሚሉም አሉ፤ ሐይቁ ዳር ሄዶ መንጠቆ የያዘውን ልጅ ልብስ ያየ ግን እንዲህ አይልም። ለእሱ መዝናኛውም ራቱም አንድ ነው።

ፋብሪካን ማስጨነቅ ሥራ ያጠፋል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠር ወጣት እንጀራው እዚያ ነው። ግን መልሱ ከራሷ ከሐዋሳ ሊገኝ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የተነደፈው የተጠቀመበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው። ማምረትና ሐይቁን መጠበቅ አብረው በዕቅድ ሊገቡ እንደሚችሉ ይህ ያሳያል። ሕጉም አዲስ አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ይከለክላል፣ የበከለም እንዲያጸዳ ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አስፍሯል። የጎደለው ሕጉን እስከ ቦዩ አፍ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

ከከተማው አስተዳደር የምንጠይቀው ከዚያው ከቦዩ አፍ ይጀምራል። የጎርፍ ቦዮች ሐይቁ ከመድረሳቸው በፊት ደለልና ቆሻሻ የሚያስቀሩበት ማቆያ ይሠራላቸው፤ የመጸዳጃ መስመሩን ከጎርፍ ቦይ ጋር ያገናኘ ሆቴልም ሆነ መኖሪያ ቤት ይለይና ያቋርጥ። የዳሩ ደንገልና ቄጠማ ለዕይታ ሲባል መታጨዱ ይቁም፤ ከጨለለቃ የተረፈውም ሳይታረስ ይከለል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች አሉት፤ ከክረምቱ በፊትና በኋላ ከዳሩ ውሃ፣ ከቆሮሶ፣ ከአምባዛና ከቢልጫ ናሙና ወስደው እንዲመረምሩ በጀት ይመደብላቸው። ውጤቱ ቢሮ ውስጥ አይቀመጥ። አሞራ ገደል መግቢያ ላይ፣ ዓሣ በሚገፈፍበት ቦታና ልጆች መንጠቆ በሚጥሉበት ድንጋይ አጠገብ፣ በሲዳምኛና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በዓሣው ሥዕል፣ የትኛው እንደሚበላና የትኛው በልክ እንደሚበላ ተጽፎ ይለጠፍ።