ግፊቱን ብቻ ሳይሆን ቧንቧውንም እንለካ

በዋግ ኽምራ አንድ ሰው ከተከዜ ዳር ከዝቋላ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣና ከዚያ በላይ ወዳሉት ደጋዎች ሲወጣ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክስጅን እየቀነሰ ይሄዳል። ሰቆጣ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የኦክስጅን ማነስ የሳንባን ጥቃቅን ደም ቅዳ ቧንቧዎች ያጠብባል፤ ይህም ሲዘልቅ በሳንባ ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ስለዚህ የሳንባ ደም ቧንቧ ግፊት ለእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ርእስ ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ግፊትን ብቻ በመለካት የደገኛውን ጤና ከሕመም መለየት አይቻልም የሚል ነው።

ጤናማ የሳንባ ደም ቅዳ ቧንቧ ስስና ተለጣጭ ነው። ልብ ደም ስትረጭ ይሰፋል፤ ስታርፍ ደግሞ ወደ መጠኑ እየተመለሰ ደሙን ወደፊት ይገፋል። ይህን የሚያስችለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ኢላስቲን ነው። ጠንካራው ኮላጅን በተለመደው ግፊት እንደ ላላ ገመድ ተጠማዝዞ ይቆያል፤ ሸክሙን በዋናነት የሚቀበለው ቧንቧው በብርቱ ሲወጠር ነው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን የግድግዳው ለስላሳ ጡንቻ ይወፍራል፣ ኮላጅን ይከማቻል፣ ቧንቧውም ይገትራል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ግትርነት መለየት ይገባል፤ አንደኛው ከመወጠር ብቻ የሚመጣና ግፊቱ ሲወርድ የሚላላ ነው፤ ሁለተኛው ግን የግድግዳው አካል ራሱ ከመለወጡ የሚመነጭ ስለሆነ በቀላሉ አይመለስም። የቀኙን የልብ ክፍል ቀስ በቀስ የሚያደክመው በተለይ ይህ ሁለተኛው ነው።

በሳንባ የደም ዝውውር ውስጥ የፍሰት ተቃውሞና የቧንቧው የመለጠጥ አቅም ሲባዙ ውጤቱ በግርድፉ አይለዋወጥም። ይህ ማለት በበሽታው መጀመሪያ ላይ ተቃውሞው በጥቂቱ ሲጨምር የመለጠጥ አቅሙ በብዙ ይቀንሳል። ግትርነት ቀድሞ የሚታይ ምልክት ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአገራችን ማስረጃም ወደዚሁ ያመለክታል። ብራያን ሆይት፣ ሲንቲያ ቤል፣ አምሃ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በ3,700 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሳንባ ሲስቶሊክ ግፊት በአማካይ 28 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ፣ በ1,200 ሜትር የሚኖሩት ደግሞ 22 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የፍሰት ተቃውሟቸው ግን አልተለያየም፤ ከፍ ያለው የደም ፍሰቱ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መመሪያ የበሽታውን መለያ አማካይ ግፊት ከ25 ወደ 20 ዝቅ አድርጎታል። የደገኛው 28 ሲስቶሊክ ወደ አማካይ ግፊት ሲለወጥ ከዚህ ወሰን ብዙም አይርቅም።

ጉዳቱ በሁለቱም በኩል ነው። ጤነኛውን ገበሬ ሕመምተኛ ብሎ መፈረጅ ላላስፈላጊ ጉዞና ወጪ ይዳርገዋል። በሌላ በኩል የሩማቲክ የልብ በሽታ በአገራችን የተስፋፋ ነው፤ የሚትራል ቫልቭ መጥበብ ግፊቱን ወደ ሳንባ ይመልሳል። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራትን ወጣት «የከፍታው ነው» ብሎ መሸኘት የመታከሚያ ጊዜዋን ያሳልፍባታል።

እርግጥ ነው፣ ትክክለኛው ልኬት በካቴተር የሚደረገው ነው፤ እሱም በየወረዳው አይገኝም። ይሁን እንጂ በተለመደው የልብ አልትራሳውንድ ደሙ ወደ ሳንባ ሲረጭ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ፣ እንዲሁም ቧንቧው በአንድ የልብ ምት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰፋ መመዝገብ ይቻላል። እነዚህ ካቴተርን አይተኩም፤ የልብ ምት ፍጥነትም ሊያዛባቸው ይችላል። ነገር ግን ማን ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ እንዳለበት ለመወሰን ያግዛሉ።

ስለሆነም በክልላችን የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች የተሳታፊውን የመኖሪያ ከፍታ፣ ግፊቱን፣ ፍሰቱንና የቧንቧውን ግትርነት አብረው እንዲመዘግቡ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከተከዜ ሸለቆ እስከ ዋግ ደጋዎች ያለው ቅርብ ርቀት ቆላን፣ ወይና ደጋንና ደጋን በአንድ ዞን ለማነጻጸር የተመቸ ነው። ለሌላ ሕዝብ የተሠራ ወሰን ለእኛ ደገኛ ይሠራ እንደሆነ መመርመር ያለብን እኛው ነን።