ሳይማር ያስተማረ ወላጅ የመማር ተራው ደርሷል



በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ እዚህ አሌክሳንድሪያ ሠፈራችን የምረቃ ሠፈር ይሆናል። ጋውን የለበሰ ልጅ መሐል ቆሞ፣ እናትና አባት ግራና ቀኝ ይዘውት ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ድግስ ይደገሳል፣ ንግግር ይደረጋል። በንግግሩም ውስጥ «ሳይማሩ ያስተማሩኝን ወላጆቼን አመሰግናለሁ» የምትለዋ ቃል አትቀርም። እኛም እናጨበጭባለን፤ እንባ የሚቀድመንም አለን። ነገር ግን ጭብጨባው ካለፈ በኋላ ሳንጠይቀው የምንቀር አንድ ጥያቄ አለ። ሳይማር ያስተማረውን ሰው፣ እርሱን ራሱን ማን ያስተምረው? የዛሬው አስተያየታችን በዚሁ ላይ ነው።

በእኛ ዘንድ ትምህርት ማለት መሰላል ነው። ነርስ ለመሆን፣ ሂሳብ ሠራተኛ ለመሆን፣ ኮምፒዩተር አውቆ ደኅና ደመወዝ ለመብላት እንማራለን። ይህ ነውር የለበትም፤ እንጀራ ይቅደም። ችግሩ፣ ልጆቹ መሰላሉን ከወጡ በኋላ መሰላሉን ደግፎ የያዘው ወላጅ እታች መቅረቱ ነው። ጠዋት የልጅ ልጁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ያሳፍራል፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አፓርትመንቱ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻውን ነው። በክረምት ደግሞ ቀኑ አልመሽ ይላል። ጎረቤቱን ለመጠየቅ እንኳ ስልክ መደወል አለበት። ብቸኝነት ቀስ ብሎ ሰው እንደሚያደክም በየቤታችን አይተናል፤ ሲያደክም ያላየ ካለ ዕድለኛ ነው።

ከሠፈራችን አንድ አባት፣ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፣ ብዙ ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተው ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሥራ አቆሙ። በልጅነታቸው ሥዕል ይወዱ ነበር። ባለፈው ዓመት ኮሌጅ ገብተው የሥዕል ክፍል ተመዘገቡ። «የመጀመሪያው ቀን ከበሩ ተመለስኩ፤ ሁሉም የልጅ ልጆቼን ያካክላሉ» ብለውናል። በሁለተኛው ቀን ገቡ። አስተማሪዋ በሌላ ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ዕቃ ይዞ እንዲመጣና እንዲሥል አዘዘች፤ እርሳቸውም ጀበና ይዘው ሄዱ። ወጣቶቹ «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏቸው፣ ይፈሩት በነበረው እንግሊዝኛ ስለ ቡና አፈላል ሲያስረዱ የክፍለ ጊዜው ግማሽ አለቀ። የጀበናዋ ሥዕል አንገቷ ትንሽ ጠሟል። ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ከልጆቻቸው ዲፕሎማ አጠገብ ተሰቅላለች።

ታዲያ ይህ ዕድል የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ሕግ አለ። የቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአረጋውያን የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መሠረት፣ ዕድሜው 60 ዓመት የሞላና ቢያንስ ለአንድ ዓመት የቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ ሰው፣ በክፍለ ግዛቱ የሕዝብ ኮሌጆች ያለ ትምህርት ክፍያ ገብቶ መማር ይችላል። ፈተናና ውጤት ሳይኖር ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ፣ እነርሱ «ኦዲት» የሚሉት ማለት ነው፣ ገቢው ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅም። በአንድ ሴሚስተር እስከ 3 ክፍል መውሰድ ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። አንደኛ፣ ቦታ የሚሰጠው ከፋዮቹ ተማሪዎች ተመዝግበው ሲያበቁ ወንበር ከተረፈ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለሙንና ሌላውን ዕቃ ተማሪው ራሱ ይገዛል።

ኮሌጁም ሩቅ አይደለም። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ በ1965 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር እዚሁ ቤይሊስ ክሮስሮድስ፣ በአንድ ሕንፃ፣ 761 ተማሪዎች ይዞ ነበር። ዛሬ በአገሩ ካሉት ትልልቅ ኮሌጆች አንዱ ሆኗል፤ የአሌክሳንድሪያው ግቢ ቦረጋርድ መንገድ ላይ ነው። የከተማችን ዳሽ አውቶቡስ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ ያሳፍራል፤ በግቢውም በኩል ያልፋል። መኪና የለኝም የሚል ሰው ምክንያቱን እንደገና ያስብበት።

«በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን ልሁን ብዬ ነው የምማረው?» የሚሉ እንደሚኖሩ እናውቃለን። መልሳችን፣ ምንም ለመሆን አይደለም፣ የሚል ነው። ሙዚቃ የሚማረው ሙዚቃው ደስ ስለሚል ነው። ታሪክ የሚማረው ዕድሜ ልክ የምንኖርበትን አገር ታሪክ ማወቅ ሰው ስለሚያደርግ ነው። ደግሞስ ከመካከላችን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ያስተማሩ አሉ፤ ፊደል የቆጠሩም አሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት ያገኘውና ኋላም በ15 ቋንቋዎች የተሰጠው ያ ትምህርት፣ ከእርሻና ከገበያ የደከመውን ጎልማሳ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር። የዘመኑን ክፉና ደግ ታሪክ ይፍረደው። ነጭ ፀጉር ይዞ ደብተር መግለጥ ግን ያኔ አላሳፈረም፤ ዛሬ ለምን ያሳፍረናል?

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ለሚለው፣ የጀበናዋን ነገር ያስታውሱ። ፈተና በሌለበት ክፍል ስሕተት አያስከፍልም፤ ቋንቋውም እግረ መንገዱን ይመጣል። በቅድሚያ ቋንቋውን ማጠናከር ለሚፈልግ ደግሞ ኮሌጁ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለው።

አንድ ነገር ግን አንደብቅም። ሁለት ሥራ የምትሠራዋ እናት፣ ሌሊት ሺፍት የሚያድረው አባት፣ 60 ያልሞላቸውና ከፍለው መማር የማይችሉት፣ ይህንን ጽሑፍ አንብበው «ለእናንተ ቀለላችሁ» ቢሉን እውነታቸውን ነው። ለእነርሱ ጊዜውንም ገንዘቡንም ልንፈጥርላቸው አንችልም። ቢያንስ ግን የቤተ መጻሕፍቱ የነፃ ፕሮግራም ይታወቃቸው፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ለራሳቸው ሲያወጡም «ምን ጎደላት፣ ሥራ ፈት» ብለን ከንፈር አንምጠጥባቸው። ብዙ ሰው ከትምህርት የሚቀረው በገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም፤ በሰው አፍ ጭምር ነው።

ልጆችም ድርሻ አላችሁ። የምዝገባው ቅጽ በኮምፒዩተር ነው የሚሞላው፤ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን የሚያስቀራቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ቅጽ ነው። በምረቃ ቀን ከምታደርጉት ንግግር ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ጨምሩበት። አጠገባቸው ተቀመጡና አብራችሁ ሙሉ። የልጅ ልጅ ጥበቃውንም በሳምንት ሁለት ቀን አቅልሉላቸው። አያት ቋሚ ሞግዚት ናት ብሎ የወሰነ ማንም የለም።

በእኛ በኩል ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። አንደኛ፣ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የክፍሎቹ ዝርዝርና የምዝገባው ቀን በአማርኛ ተጽፎ በዚህ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ቅጽ መሙላት የሚችሉ ወጣቶች በልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ ባለው አዳራሽ ተቀምጠው ይርዱ። ሦስተኛ፣ ማንም የመጀመሪያውን ቀን ብቻውን አይሂድ። ከበር መመለስ የሚመጣው ብቻ ሲኮን ነው፤ ሁለት ሆነው የሄዱ ይገባሉ።

እትዬ፣ ጋሼ፣ ሌላውን ስታስተምሩ ኖራችኋል። አሁን ተራው የእናንተ ነው። ደብተር ይገዛ፤ እርሳስ ይቀረጽ። በሚቀጥለው ስብሰባችን እንነጋገርበት።

የሰሌዳው ጽሑፍ አዘጋጆች